የኦርኪድ ቀለብ

ኦርኪድ ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው ብዙ ሳይቆይ «የትኛው ማዳበሪያ ይሻለዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ተክሉ በተፈጥሮው ቀለቡን ከየት እንደሚያገኝ ነው። በየሱቁና በየሳሎኑ በብዛት የሚታየው ኦርኪድ ፋላኖፕሲስ ይባላል፤ ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የእሳት እራት የሚመስል ማለት ነው። ፊሊፒንስንና ኢንዶኔዥያን ጨምሮ በእስያ ሞቃት ደኖች ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይደለም። በእኛም አገር በከፋ፣ በጅማና በኢሉባቦር ደኖች ውስጥ ኤራንጊስና ፖሊስታኪያ የሚባሉ የኦርኪድ ወገኖች እንዲሁ ዛፍ ላይ ይኖራሉ። ከሩቅ ያያቸው ሰው ተቀጽላ ሊመስሉት ይችላሉ። ተቀጽላ ግን የዛፉን ጭማቂ ይመጠምጣል፤ ኦርኪድ ዛፉን መቆሚያ ብቻ ነው የሚያደርገው። ቀለቡ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን አጥቦ የሚወርደው ዝናብ፣ ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ተጠራቅሞ የበሰበሰ ቅጠል፣ አልፎ አልፎም የወፍ ኩስ ነው። ይህ ሁሉ እጅግ የቀጠነ ቢሆንም በየዝናቡ ይመላለሳል። የኦርኪድ ማዳበሪያ ነገር የሚፈታው ከዚህ በመነሳት ነው፤ ከምርቱ ስም ይልቅ ቅጥነቱና አለመቋረጡ ይበልጣሉ።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ሥሩ ነው። የፋላኖፕሲስን ሥር ቀረብ ብሎ ላየው፣ ሲደርቅ ሽበት የመሰለ ነጭ ነው፤ ውሃ ሲነካው ግን ዓይን እያየ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ውጫዊው ሽፋን የሞቱና ባዶ የሆኑ ሕዋሳት የተደራረቡበት፣ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ነው። ባዶው ቦታ አየር ሲይዝ ይነጣል፤ ውሃ ሲሞላው ደግሞ ከሽፋኑ በታች ያለው ሕያው አረንጓዴ ክፍል ወለል ብሎ ይታያል። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ከቅጠሉ ላይ አቧራውንና ማዕድኑን ጠራርገው ስለሚወርዱ፣ ከኋላ ከሚመጣው ውሃ ይልቅ በምግብ የበለጸጉ ናቸው። ስፖንጁ እነዚህን ጠብታዎች ቀልቦ ይይዛል። ቤት ውስጥ ግን ይኸው ችሎታ ይጎዳዋል፤ የወፈረ ማዳበሪያ ስንሰጠውም እንዲሁ ቀልቦ ይይዘዋልና። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፣ ጨው ደግሞ ከሥሩ ውስጥ ውሃ መልሶ ይስባል። የሥሩ ጫፍ ይጠቁራል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል። ቅጠሉ ሲጨማደድ ያየ ባለቤት ተክሉ የራበው መስሎት ማዳበሪያ ይጨምርለታል። ኦርኪድ ወዳዶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ማዳበሪያው ዕቃ ላይ የተጻፉት ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ናይትሮጅንን፣ ፎስፈረስንና ፖታሲየምን በመቶኛ ያሳያሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ የሚሰሉት በኦክሳይዳቸው ነው። 20-20-20 ከሚለው ዱቄት 1 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ቢበጠበጥ 200 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ለቤት ኦርኪድ በየሳምንቱ በሊትር ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይበቃል። የገበሬውን ማዳበሪያ ቆንጥሮ መስጠትስ? ዳፕ 18-46-0 ነው፤ ዩሪያ ደግሞ 46-0-0። ሁለቱም የተዘጋጁት ለጤፍና ለስንዴ ማሳ ነው። ዩሪያ ለሥር እንዲመች ወደ ሌላ መልክ የሚለውጡት በዋናነት በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኦርኪድ የሚተከልበት የዛፍ ቅርፊት ደግሞ አፈር አይደለም። ከዳፕ 1 ግራም በ1 ሊትር ቢሟሟ ወደ 200 ሚሊግራም ፎስፈረስ ይሰጣል። በሚሺገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለኦርኪድ የተቀመረው 13-3-15 ግን 125 ሚሊግራም ናይትሮጅን በሚሰጥበት መጠን ሲበጠበጥ የሚይዘው ፎስፈረስ 13 ሚሊግራም ገደማ ነው። ዳፑ ከ15 እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ማሳው ላይ አፈሩ ብዙውን ፎስፈረስ ይዞ ያስቀረዋል፤ በቅርፊት መካከል የተንጠለጠለ ሥር ግን እንዲህ ያለ መከታ የለውም።

«ፎስፈረስ አበባ ያመጣል» የሚለው እምነት እዚህ ላይ መነሳቱ አይቀርም። አበባ ያበዛል ተብሎ የሚሸጥ፣ መካከለኛው ቁጥር ከፍ ያለ ማዳበሪያም ሞልቷል። ተክሉ ፎስፈረስ እንደሚያስፈልገው አያከራክርም፤ ካላገኘ አያብብም። ነገር ግን የሚፈልገውን ካገኘ በኋላ የሚጨመርለት አበባ አይሆንም። ፋላኖፕሲስ የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ የሚቀሰቅሰው ለጥቂት ሳምንታት ከ26 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ነው፤ ከ28 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከከረመ ግን ማንኛውም ማዳበሪያ ቢሰጠው ቅጠል ብቻ ያወጣል። አዲስ አበባ ላይ ቅዝቃዜ አይጎድልም፤ እንዲያውም ሌሊት ቤቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ ተክሉን ከመስኮቱ ራቅ ማድረግ ይሻላል። እዚያ አላብብ ያለ ኦርኪድ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ብርሃን ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጥቂት የሚበቃው ከሆነ ጨርሶ ማዳበሪያ ባይሰጠውስ? ደን ውስጥ ማን ይመግበዋል? የሚለው ሙግት ይበልጥ ሊመዘን የሚገባው ነው። ደን ውስጥ መጋቢ አለው፤ ዝናቡና የበሰበሰው ቅጠል። መስኮት ላይ ሁለቱም የሉም። ቅርፊቱ የሚሰጠው ከኢምንት የማይበልጥ ነው፤ ሲበሰብስ ደግሞ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ያለችውን ናይትሮጅን ይሻሙታል። ያልተመገበ ኦርኪድ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን አዲስ የሚያወጣው ቅጠል እያነሰ፣ አበባውም እየሳሳ ይሄዳል። የቡና አተላ፣ የሙዝ ልጣጭ ወይም የእንቁላል ቅርፊት ይተካዋል የሚሉም አሉ። ለጓሮ አፈር መልካም ናቸው። በኦርኪድ ሥር መካከል ግን አተላው የአየሩን መተላለፊያ ይደፍናል፣ እርጥበት ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል፤ በውስጡ ያለው ምግብም ቶሎ አይለቀቅም። ኦርኪድ አምራቾች ብዙ ማዳበሪያ መስጠታቸውም ለቤት አርአያ አይሆንም። የእነሱ ተክል በቂ ብርሃንና ሙቀት አለው፣ ውሃውም በብዛት ስለሚፈስ ትርፉን ጨው ያጥበዋል። ሳሎን ውስጥ ብርሃኑ ጥቂት ነው፤ በጥቂት ብርሃን የሚያድግ ተክል ደግሞ የሚፈልገው ምግብም ጥቂት ነው።

ሲመርጡ የውሃዎን ጠባይ ይወቁ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ካልሲየም ስላለው ተራ የሚሟሟ ማዳበሪያ ይበቃዋል። በክረምት ከጣራ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ለኦርኪድ እጅግ ይስማማል፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሌለው ግን እነዚህን የያዘ ማዳበሪያ ይፈልጋል። 13-3-15ም የተቀመረው እንዲህ ላለው ውሃ ነው። ዋጋው ውድ የሆነና ለኦርኪድ ብቻ ተብሎ የታሸገ ካላገኙ አይጨነቁ፤ ለቤት አበባ የሚሸጠው በአግባቡ ከቀጠነ ያገለግላል። መለያው ለ4 ሊትር 1 የሻይ ማንኪያ ይጨመር ካለ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ ጨምረው ተክሉ በሚያድግበት ወቅት በየሳምንቱ ያጠጡት። በየአራተኛው ሳምንት ማዳበሪያውን ትተው፣ ከመትከያው ታች እስኪፈስ ድረስ በንጹሕ ውሃ ብቻ ያጥቡት። በመትከያው ከንፈር ወይም በቅርፊቱ ላይ ነጭ ብናኝ ካዩ ጨው ተጠራቅሟልና ማጠቡን ያዘውትሩት። ሥሩ የበሰበሰ ተክል አዲስ ሥር እስኪያወጣ ምንም ማዳበሪያ አይስጡት፤ የሚቀበልበት አፍ የለውም።

ፋላኖፕሲስ በዓመት የሚያወጣው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ፣ ማዳበሪያው መስማማቱን በሳምንት አይፍረዱ። አዲሱ ቅጠል ከቀዳሚው እኩል ወይም ሰፋ ያለ ከሆነ የሚሰጡትን መጠን አይንኩት።