ረጂው ሲቀር የትምህርት ክፍያው ዕዳ የማን ነው?

ከራቤል ወይም ከመሐል ሜዳ ወጥታ ደብረ ብርሃን በግል ኮሌጅ የምትማር አንዲት እህት እናስብ። ክፍያዋን ዓረብ አገር የምትሠራ አክስቷ ትልክላታለች። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ አክስቲቱ ከሥራ ትወጣለች፤ ገንዘቡም ይቀራል። ኮሌጁ ያልተከፈለውን የሚጠይቀው ማንን ነው?

ተማሪዋን ነው። የምዝገባውን ቅጽ የፈረመችው እሷ ናት። አክስቲቱ ለዘመዷ ቃል ገባች እንጂ ከኮሌጁ ጋር ውል የላትም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ዋስትና በግምት አይወሰድም፤ በግልጽ መነገርና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን መጠቀስ አለበት።

ሸሪዓችንም ቃል መግባትንና ዋስ መሆንን (ከፋላን) ይለያል። ቃልን ያለ ምክንያት ማፍረስ ነውር ነው። ሆኖም በብዙኃኑ ዑለሞች ዘንድ በስጦታ ሊሰጥ ቃል የተገባ ገንዘብ ተቀባዩ እጅ እስኪገባ ድረስ ዕዳ አይሆንም። ዋስ የሆነ ሰው ግን ይጠየቃል።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪስ? ብዙ ቤተሰብ «በነፃ ነው የሚማረው» ይላል። ነፃ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን አምጥቷል። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ይህንንም ሥራ ሲይዝ ከገቢው ላይ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ይከፍላል። በ2017 ዓ.ም. የተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ልጆቻችን የሚፈርሙትን ቅጽ አንብበው ይፈርሙ። ትምህርቱን ማቋረጥም የተጠቀሙበትን ወጪ አይሰርዝም።

እርዳታው ሲቋረጥ ትልቁ ስህተት በዝምታ መጥፋት ነው። በጸጥታ ችግር መንገድ ተዘግቶም ሆነ ገንዘብ አጥሮ ወደ ጊሼ ወይም ወደ መርሐቤቴ ተመልሶ የቀረ ተማሪ፣ በመዝገቡ ላይ አሁንም ተማሪ ሆኖ ሊቆጠርና ክፍያው ሊከማችበት ይችላል። ስለዚህ ሬጅስትራር ቀርቦ የዊዝድሮው ቅጽ መሙላት፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ መያዝ፣ ቀሪውን ሒሳብ በጽሑፍ መጠየቅና በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ማመልከት ያስፈልጋል። መማር የሚፈልግ ደግሞ የመመለሻ ጊዜውን አብሮ ይጠይቅ።

ለረጂዎችም አንድ ነገር እንላለን። «አስተምርሃለሁ» ከማለት «የዚህን ዓመት እከፍላለሁ» ማለት ይሻላል። ተማሪው የቀረውን ከወዲሁ ያስብበታል። አላህ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ዕዳ እንዲጻፍ አዟል፤ ከዚያ በፊት ባለው አንቀጽ 280 ደግሞ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪደላው ጊዜ እንዲሰጠው አዟል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፦ ተማሪው ዕዳውን አይክድም፣ ጠያቂውም አያንቀው።

ጀመዓችንም ድርሻ አለው። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች ይገኛሉ። በክፍያ ምክንያት ማስረጃው የተያዘበት ወጣት ከእነሱ ይቆጠር እንደሆነ የየመስጂዱ ኮሚቴ ዑለሞችን ይጠይቅ፤ ጉዳዩንም አጣርቶ ይያዝ። አላህ ከዕዳ ጭንቀት ይጠብቀን።