እውነት ወይስ ተረት? «ሲቲ ስካኑ ደህና ነው፤ ምን ሆንኩ ይላል?»

ተረት፦ ምስሉ ምንም ካላሳየ ጭንቅላቱ አልተጎዳም።

ከጉና ግርጌ አናቱን በዱላ የተመታ ወይም ከባጃጅ የወደቀ ሰው ደብረ ታቦር ይደርሳል። ሪፈር ከተባለም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ዳር ይገባል። ቤተሰቡ ገንዘብ አሰባስቦ ሲቲ ስካን ያስነሣዋል፤ «ደህና ነው» ሲባል አመስግነው ይመለሳሉ። በሳምንቱ ሲያርስ ያዞረዋል፣ በገበያ የተነጋገረውን ዋጋ ይረሳል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ያኔ «አውቆ አበድ ነው» ይሉታል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰውየው የሚናገረው እውነቱን ነው።

እውነት፦ ሲቲ ስካን በዋናነት የሚፈልገው የደም መፍሰስን፣ የራስ ቅል ስብራትንና እብጠትን ነው። እነዚህን ቶሎ ማግኘት ነፍስ ያድናል። ቀላል በሚባለው ጉዳት ግን፣ ማለትም በግላስጎው የንቃት መለኪያ ከ13 እስከ 15 ነጥብ ባገኘ ሰው ላይ፣ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። የታወከው የነርቭ ሴሎችና የቀጫጭን ክሮቻቸው ሥራ ስለሆነ በዚያ ምስል አይታይም። ኤምአርአይም ቢሆን ሁሉንም አይደርስበትም። የቀረውን የሚያወጣው ጥያቄ ነው፦ ትውስታው፣ ትኩረቱ፣ እንቅልፉ፣ ጠባዩ።

ተረት፦ በአእምሮ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ አእምሮው ተነክቷል።

እውነት፦ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ባለ 30 ነጥቡ «ሞካ» የተባለው የአእምሮ ፈተና ኪዩብና ሰዓት ያስስላል። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ 1 ነጥብ ይጨምራል። እርሳስ ጨብጦ ለማያውቅ ገበሬ 1 ነጥብ ምን ትሞላለች? «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ተብሎ አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ቢያደርገው እንደ አገሩ አቆጣጠር ልክ ነው። ቀኑን በቁጥር ሲጠየቅ ያመነታ ሰው «ዛሬ ማን ነው?» ቢባል «ተክለ ሃይማኖት» ይላል፤ 24 ማለቱ ነው። ይህን የማይጠይቅ መርማሪ ጤነኛውን በሽተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰውየው መመዘን ያለበት ከቀድሞው ከራሱ ጋር ነው፤ ለዚህም ከባለቤቱ የተሻለ ምስክር የለም።

ተረት፦ የተመታ ሰው እንቅልፍ ከወሰደው ይሞታል።

እውነት፦ ተመርምሮ የአደጋ ምልክት ያልተገኘበት ይተኛ፤ እንቅልፍ ይጠቅመዋል። አንድ ሁለት ቀን አርፎም ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ይመለስ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ ጎኑ ከሰነፈ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ግን እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይወሰድ።