የጎጃም ወጣት ሴቶች የሙያ ትምህርትና የነጋዴው ድርሻ

በገበያ ቀን በደብረ ማርቆስ ከተማ ከሱቆቹ በረንዳ አጠገብ ጥቂት ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ጨርቅ ሻጩ ከውስጥ ሆኖ ይለካል፤ ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ያሽከረክራል፤ ከሮብ ገበያ፥ ከአማኑኤል ወይም ከሉማሜ የመጣችው ባላገር ደግሞ የፈተለችውን ልቃቂት ይዛ ዋጋ ትጠይቃለች። ለኪውም ሰፊውም ሸማኔውም ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ጥጡን የዳመጠችው፥ ባዘቶውን ያዘጋጀችው፥ በእንዝርት አሹራ ድሩንና ማጉን ለሸማኔው ያደረሰችው ግን ሴት ናት። እንግዲህ በጎጃም ደጋ ሴት ልጅ ሙያ የላትም የሚል ሰው ቢኖር ገበያውን አላየም ማለት ነው። የጎደላት፥ የእጅዋን ሙያ ወደ መቀሱ፥ ወደ መኪናውና ወደ ሒሳብ መዝገቡ የሚያሻግርላት ትምህርት ነው።

ይህን ትምህርት ለመስጠት የሚነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ክፍሉ ይዘጋጃል፥ መምህሩ ይቀጠራል፥ ማስታወቂያም ተጽፎ ከጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ የከተማ ልጆች ይመዘገባሉ፤ የገጠሯ ልጅ ግን አትመጣም። ማስታወቂያው ቢደርሳትና ብታነበውም እንኳ ውሳኔው የእርሷ ብቻ አይደለም። አባትና እናት አሉ፤ የንስሐ አባት አሉ፤ ያገባች እንደሆነ ባልና አማት አሉ። እነዚህን ሁሉ ሳያነጋግሩ ልጅቱን መጥራት፥ ባለቤቱን ሳይጠይቁ በሬውን ለመግዛት እንደ መነሣት ያለ ነው።

ከዚሁ ከጎጃም ምድር የተገኘ፥ ልንመለከተው የሚገባ አንድ ሥራ አለ። በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ሥራውን ያካሄዱት የአማራ ክልል የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ፥ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድና ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የጥናት ድርጅት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆነ ልጃገረዶች፥ ያገቡትም ያላገቡትም፥ በቡድን እየተሰበሰቡ ፊደልና ቁጥር፥ ለኑሮ የሚረዳ ሙያና ቁጠባ ይማሩ ነበር። ከመደበኛው ትምህርት ቤት ለመቆየት የፈለጉት ደግሞ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸው ነበር። ቡድኖቹን የሚመሩት ዕድሜያቸው የበሰለ ሴቶች ሲሆኑ፥ ወላጆችና ሽማግሌዎች ስለ ልጆቻቸው ጋብቻና ትምህርት በግልጽ የሚነጋገሩበት የማኅበረሰብ ውይይት ጎን ለጎን ይካሄድ ነበር።

ለእኛ ለነጋዴዎች ይበልጥ የሚገባን ግን የፍየሏ ነገር ነው። ትምህርቷን ሳታቋርጥና ሳትዳር ሁለቱን ዓመት ለፈጸመች ልጅ፥ በምረቃው ዕለት በሕዝብ ፊት አንዲት ፍየል ለእርሷና ለቤተሰቧ በአንድነት ትሰጥ ነበር። ዋጋዋ ከ30 የአሜሪካ ዶላር አያልፍም። ይህን የሰማ የከተማ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል፤ የነገድ ሰው ግን ሒሳቡን ወዲያው ያየዋል። ሴት ልጁን የሚድር ገበሬ ክፉ አባት ስለሆነ አይደለም። ዝምድና ይገዛል፤ ስሟን ከሐሜት ያድናል፤ ልጅቱ ወደ ትምህርት ስትሄድ ውኃ የምትቀዳለትና እንጨት የምትለቅምለት እጅ ያጣል። ይህን ሁሉ ወጪ እርሱ ብቻውን እንዲሸከም ጠይቆ ትርፉን በሩቅ ማሳየት የትም ገበያ አይሠራም። ፍየሏ ትወልዳለች፤ ጎረቤትም ያያታል።

ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ተገልጧል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ከትምህርት ገበታ የመገኘታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ሲሆን፥ የማግባታቸው ዕድል ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። እውነቱን ሳንሸሽግ ለመናገር ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ፥ በሞሰቦ ያገቡት በዝተው ታይተዋል፤ ጋብቻው ቀርቶ ሳይሆን ጥቂት ዘግይቶ ነበርና። በኋላ በዚያው በአማራ ክልል በተደረገ ሌላ ሙከራ፥ ከ15 እስከ 17 ዓመት ላሉት ሳያገቡ ሲቆዩ በየዓመቱ ሁለት ዶሮ መስጠት የማግባታቸውን ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሶታል። ትልልቆቹን ልጆች ለማቆየት ደብተርና እርሳስ አይበቃም፤ በእጅ የሚጨበጥ ጥቅም ይፈልጋሉ። የሙያ ትምህርት ቤት የሚጠራቸውም እነዚሁ ትልልቆቹ ናቸው።

ከገጠር ያልተጠራች ልጅ በገዛ እጅዋ ተነሥታ ከተማ ትገባለች፤ ካለ ዕድሜዋ ከሚፈጸም ጋብቻ ሸሽታ አዲስ አበባ የምትደርስና በሰው ቤት የምትቀጠር ጥቂት አይደለችም። ለእንደነዚህ ያሉት በ1998 ዓ.ም. ገደማ በመርካቶ ሠፈር «ብሩህ ተስፋ» የተባለ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። አማካሪ ሴቶቹ ማስታወቂያ አልለጠፉም። ቤት ለቤት እየዞሩ ከየጓዳው ያለችውን ልጅ ጠይቀው መዘገቡ፤ ልጅቱ በቀን ጥቂት ሰዓት እንድትለቀቅላቸውም ከአሠሪዎቿ ጋር ተደራደሩ። የመርካቶ አሠሪ ማን እንደ ሆነ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። ከእኛ ከራሳችን ቤት ተለምነዋል።

ጊዜውም መታሰብ አለበት። በጎጃም ሠርግ የሚበዛው እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ በጥር ነው፤ ሽማግሌ የሚላከውም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ የካቲት ላይ የሚወጣ የምዝገባ ማስታወቂያ የሚያገኘው የተዳረችውን ልጅ ነው። ምዝገባው በመስቀል ሰሞን፥ መከሩ ሳይገባ መነገር አለበት። ይህን የጊዜ ሒሳብ ከባለሱቅ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የጥሎሹን ቀሚስና ነጠላ፥ ጥላውንና ጫማውን ለጥር ብሎ የሚያከማቸው እርሱ ነውና። የጥር ሽያጭ ደስ ያሰኛል፤ ግን ጨርቁ የሚለካላት ልጅ 13 ዓመት የሆናት እንደሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ መወሰኑን ሻጩም ማስታወስ ይገባዋል።

ባለሱቁ ለዚህ ሥራ ማስታወቂያ ከሚለጥፈው ጸሐፊ የተሻለ መልእክተኛ ነው። ጨውና ሳሙና በዱቤ የሚሰጠው ገበሬ ቃሉን ያምናል፤ የማን ልጅ ከትምህርት እንደ ቀረች፥ የማን ልጅ እንደ ታጨች ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ ይሰማል። «ልጅህ ስፌት ብትማር ከበረንዳዬ ላይ ቦታ እሰጣታለሁ» ብሎ የተናገረ ነጋዴ የአንድ ወር የሬዲዮ ማስታወቂያ የማይሠራውን ሠርቷል። ቃሉን ካልጠበቀ ግን በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ቀበሌ አንዲትም ልጅ አትመጣም። ባቄላና አተር ወደ ውጭ አገር የሚልኩት ባልደረቦቻችንም በየመጋዘናቸው እህል የሚለቅሙትን ሴቶች ያስቡ፤ ሚዛንና መዝገብ የተማረች ልጅ ከለቀማው ወደ ርክክቡ ጠረጴዛ ልትሻገር ትችላለች።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገዱም እንደ ልብ አላስኬደም። ትምህርት ቤት የተዘጋባት ልጅ ደግሞ ለጋብቻም ለስደትም ቅርብ ናት። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቅ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ልብስ ሰፊ በበረንዳው ላይ አንዲት ልጅ ለማስተማር የሚያስፈልገው ሁለተኛ የስፌት መኪና፥ አንድ ወንበርና የወላጆቿ ፈቃድ ነው። መኪናውን የሚያስመጣው ከእኛው አንዱ ነው፤ በረንዳውም የእኛው ነው፤ ለፈቃዱ ግን እስከ ገበሬው ደጅ ድረስ በእግር መሄድ ያስፈልጋል።