የደም ምስክርነት በትልልቅ ደም ቅዳዎች መቆጣት

ከልብ የሚነሣው አኦርታና ከእርሱ የሚከፈሉት ትልልቅ ደም ቅዳዎች፣ ግድግዳቸው በሰውነት የራሱ መከላከያ ኀይል ተጠቅቶ ሊቆጣ ይችላል። ሕመሙ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው የታካያሱ ሕመም ነው፤ ስሙን ያገኘውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ውስጥ የደም ሥሮች መለወጣቸውን ከገለጸው ከጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ከሚኪቶ ታካያሱ ነው። የሚበዛውም ከ40 ዓመት በታች በሆኑ ሴቶች ላይ ነው። ሁለተኛው የግዙፍ ሕዋስ ሕመም ሲሆን ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ይይዛል፤ ሳይታከም ከቆየም ዓይን ሊያሳውር ይችላል።

ሐኪም የአኦርታን ግድግዳ እንደ ልቡ ቈርጦ ሊመረምር አይችልምና የደምን ምስክርነት ይጠይቃል። ታዲያ ይህ ምስክር ምን ያህል ይታመናል?

በመጀመሪያ የሚለካው ቀይ የደም ሕዋሶች በቀጭን ቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ ነው። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን ያበዛል፤ በዚህም ምክንያት ሕዋሶቹ እንደ ተደረደረ ሳንቲም ይጣበቃሉ። በጀበና ውስጥ ሻካራው የቡና አተላ ከደቃቁ ቀድሞ እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ የተጣበቁትም ፈጥነው ይወርዳሉ። ነገር ግን የደም ማነስ፣ እርግዝናና እርጅናም ይህን ፍጥነት ይጨምራሉ።

ሁለተኛው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ነው። ይህን በ1930 ዓ.ም. በሳንባ ምች በሽተኞች ደም ውስጥ ያገኙት አሜሪካውያኑ ቲሌትና ፍራንሲስ ናቸው። ጉበት የሚሠራው ኢንተርሊውኪን 6 ከተባለ መልእክተኛ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይጨምራል፤ ሥራው ሲቆምም በየ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የዕለቱን ሁኔታ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥኖ ያሳያል።

ሁለቱም ግን የሚቃጠለውን ቦታ አይጠቁሙም። ጭስ እሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ የማን ቤት እንደ ሆነ አይናገርም፤ ሳንባ ነቀርሳም ሁለቱንም ከፍ ያደርጋል።

የባሰው ደግሞ ዝምታቸው ነው። በ1994 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሐኪሞች 60 የታካያሱ በሽተኞችን ስለ መከታተላቸው ባወጡት ጥናት፣ ሕመማቸው ጋብ ብሏል ከተባሉት መካከል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የደም ቅዳቸው ናሙና ሲታይ ከግማሽ ጥቂት ባነሱት ላይ ቁጣው ገና አልበረደም ነበር። በዚህ ዓይነት እንደ ተዳፈነ እሳት ውስጥ ውስጡን እየሄደ ደም ቅዳው ይጠባል፤ የእጅ ትርታም ይጠፋል።

በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ለግዙፍ ሕዋስ ሕመም የተፈቀደው ቶሲሊዙማብ የተባለው መድኀኒት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መድኀኒቱ የኢንተርሊውኪን 6ን መቀበያ ስለሚዘጋ ትእዛዙ ለጉበት አይደርስም። የፕሮቲኑ መጠን ዝቅ ቢልም፣ ምስክሩ አፉ ተለጕሟል ማለት ነው እንጂ ደም ቅዳው ስለ መዳኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

እንግዲህ የደም ምርመራ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የሁለቱን እጆች የደም ግፊት ማወዳደር፣ ትርታን መዳሰስ፣ በማዳመጫ ማዳመጥ፣ እንዲሁም በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ ማየት ያስፈልጋል። አረጋዊ ሰው አዲስ ራስ ምታት፣ ሲያኝክ የመንጋጋ ሕመምና የዓይን መፍዘዝ ሲገጥመው ደግሞ ውጤት እስኪመጣ ተብሎ ሕክምናው አይዘገይም፤ የጠፋ ብርሃን ብዙውን ጊዜ አይመለስምና።