ያውቁ ኖሯል? የበረዶ ማግስት ትራውት

ያውቁ ኖሯል? ንጹሕ ውሃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በረዶ ሊሆን ሲቃረብ አይደለም፤ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይቀላል። የቀዝቃዛ አገር ሐይቅ ከላይ በበረዶ ተዘግቶ ከሥር ዓሣው በሕይወት የሚከርመው ስለዚህ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በካምሉፕስ ከተማ ዙሪያ ባሉ ሐይቆች በረዶው እንደቀለጠ የላይኛው ውሃ ሞቆ 4 ዲግሪ ይደርሳል። የላዩና የታቹ ክብደት ሲተካከል ነፋሱ ሐይቁን ከላይ እስከ ታች ይደባልቀዋል። በበረዶው ወራት ኦክስጅን ያነሰው የሥር ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትራውት የተባለው ዓሣም ለጥቂት ቀናት የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። በዚያ ሰሞን ባዶ እጁን የተመለሰ አጥማጅ የውርወራ ችሎታውን ባይጠራጠር ይሻላል። ይልቅ ሐይቅ ይቀይር። ዝቅ ያሉት ሐይቆች በአብዛኛው በኤፕሪል ከበረዶ ሲላቀቁ፣ ከፍታ ላይ ያሉት እስከ ሜይ ይቆያሉ። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ጸደዩን እየተከተሉ ሽቅብ ይወጣሉ።

ያውቁ ኖሯል? በዚህ ወቅት የትራውቱ ዋነኛ ቀለብ ኪሮኖሚድ የምትባል፣ ሰው የማትነክስ ትንኝ ናት። የብዙዎቹ እጭ ቀይ ነው፤ ቅላቱ የሚመጣው እንደ እኛ ደም ካለው ሄሞግሎቢን ሲሆን፣ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ እንዲኖር ያስችለዋል። ክንፍ ለማውጣት ስትደርስ ከጭቃው ወጥታ ወደ ውሃው ገጽ ቀስ እያለች ትነሳለች። በቆዳዋ ሥር የያዘችው አየር ብር ይመስላል። ትራውቱ መሯሯጥ አያስፈልገውም፤ ባለበት ሆኖ ይለቅማታል።

የማጥመጃው ጥበብ ከዚህ ይነሳል። በትንሽ መንጠቆ ላይ ጥቁር ወይም ቀይ ክር ይጠመጠማል፤ በላዩ ቀጭን የብር ቀለም ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ነጭ የክር ቁራጭ። ከዚያ ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ ምልክት ሥር፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ተንጠልጥሎ ይቆያል። መጎተት የለም ማለት ይቻላል። ለእኔ ከዓሣ ማጥመድ ሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው፤ ዓይን ምልክቱ ላይ፣ እጅ ያለ እንቅስቃሴ።

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝ ሐይቆች ነፍሳትን በሚመስል ማጥመጃ ማጥመድን ከጀመሩት አንዱ ሐኪም ነበሩ። በብላግደን ሐይቅ አቅራቢያ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሆዋርድ ቤል፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ የያዙትን ትራውት ሆድ ከፍተው ምን እንደበላ ይመለከቱ ነበር። ሌሎች አጥማጆች ትልልቅ ደማቅ ላባ ሲወረውሩ እርሳቸው ያንን ትንሽ ነፍሳት የሚመስል ማጥመጃ ያሥሩ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሊትር ውሃ 14.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 20 ዲግሪ ላይ ወደ 9 ይወርዳል። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? በአየርላንድ ኮሪብ ሐይቅ የትራውት ወቅት የሚከፈተው ፌብሩዋሪ 15 ነው። ያቺው ትንኝ ግን በብዛት የምትወጣው በማርችና በኤፕሪል ነው።

ያውቁ ኖሯል? ትራውት በእኛም አገር አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ጅረቶች፣ በወይብና በዳንካ፣ ተለቋል። እዚያ የሚጠበቅ የበረዶ መቅለጥ ባይኖርም፣ የደጋው ብርድ ውሃውን ለትራውት የተመቸ ያደርገዋል።

ያውቁ ኖሯል? የተያዘውን ትራውት መልሰው የሚለቁ ከሆነ፣ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ውሃ ውስጥ ይንከሩ። ደረቅ እጅ ከቆዳው ላይ የሚያነሳው ዝልግልግ ሽፋን ዓሣውን ከሻጋታና ከበሽታ የሚከላከለው ነው። መንጠቆውንም ከተቻለ ከውሃው ሳያወጡት ይፍቱለት።