ለጠጠር የሚበጀው ልስላሴ ነው

ጀርመን ውስጥ በአይፍል ኮረብቶች መካከል የሚጠማዘዘው የኑርቡርግሪንግ ኖርድሽላይፈ እ.ኤ.አ. በ1927 ከተከፈተ ጀምሮ ለተወዳዳሪዎች ብቻ የታጠረ ሜዳ ሆኖ አያውቅም። ዙሩ 20.832 ኪሎ ሜትር ነው። ለሕዝብ በሚከፈትባቸው ሰዓቶች መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ በገዛ መኪናው ይገባበታል፤ በሌሎች ቀናት ደግሞ ክለቦች ሜዳውን ተከራይተው አባሎቻቸውን ያስነዱበታል። ባለመኪናው ለሽልማት ሳይሆን ለራሱ ደስታ በእሽቅድምድም ሜዳ የሚነዳበት እንዲህ ያለ ዕለት በብዙ አገር ትራክ ዴይ ይባላል። ጠዋት እንደ መስታወት እያብረቀረቀ የገባ መኪና ማታ ሲወጣ ሞተሩም ፍሬኑም ደህና ሆኖ ሳለ ኮፈኑ ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት ይመስላል። ለዚህ መድኃኒት ነኝ የሚለው ሸቀጥ ብዙ ነው፤ የሚቀባው፣ የሚለጠፈው፣ የሚለበሰው ሁሉ በየሱቁ ተደርድሯል። ገዢው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ የተገለበጠ ነው። «የትኛው ይጠነክራል?» ይላል። ጠጠርን የሚያበርደው የሚለሰልሰው ነው።

ከጠጠሩ እንነሣ። ከፊት ያለው መኪና ጠጠሩን እንደ ወንጭፍ ወደ ኋላ የሚወረውር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ትንሽ ለየት ይላል። የሚሽከረከር ጎማ አስፋልቱን የነካበት ቦታ በዚያች ቅጽበት ከመሬቱ አንጻር ቆሞ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከዚያ አካባቢ ተፈናጥራ የምትነሣ ጠጠር በአብዛኛው ወደ ላይ ትዘላለች እንጂ ወደ ኋላ በኃይል አትበርም። አየር ላይ ተንጠልጥላ ሳለች የሚከተለው መኪና በሙሉ ፍጥነቱ ሄዶ ይላተማታል። የምቱ ጉልበት፣ እንግዲህ፣ ከተመቺው የራስ ፍጥነት የሚመጣ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የሽንብራ ፍሬ የምታህል፣ አንድ ግራም የምትመዝን ጠጠር በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ከሚከንፍ ኮፈን ጋር ስትጋጭ የምታሳርፈው ጉልበት አንድ ኪሎ መዶሻ ከ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጋር ይተካከላል። ልዩነቱ የጠጠሯ ጉልበት የሚያርፈው በአንዲት ሹል ጫፍ ላይ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የትራክ ጎማ ሲግል እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ከሌሎች ጎማዎች የረገፈውን የላስቲክ ፍርፋሪና አብሮት ያለውን ጠጠር እየለቀመ የራሱን መኪና ጎን ይወቅጣል። ከመንገዱ ዳር የወጣ አንድ ነጂም ተመልሶ ሲገባ ከኋላው ለሚመጡት ሁሉ አፈርና ጠጠር አንጥፎላቸው ያልፋል። ይህ እየቀነሰ የሚሄድ ችግር አይደለም፤ በቤልጅየሙ ስፓ ፍራንኮርሻምፕስ በ2022 የተጠናቀቀው እድሳት ከበርካታ ኩርባዎች ዳር የጠጠር መደቦችን መልሶ አምጥቷል። ከመንገዱ ለሚወጣ ሰው የሚከፈል ዋጋ እንዲኖር ታስቦ ነው፤ ለቀለም ግን ጥሩ ዜና አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚቀበለው ቀለም ምን ያህል ስስ እንደሆነ ብዙ ሰው አያስበውም። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም፣ ከሥር ካለው የዝገት መከላከያ ጀምሮ እስከ ላይኛው ቫርኒሽ ድረስ ሁሉም ተደምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። የሁለት የራስ ጠጉር ውፍረት ማለት ነው። ቫርኒሹ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የተሠራውም ጸሐይ እንዳያደበዝዘው፣ ሲታጠብ እንዳይጫጫር፣ እንዲያብረቀርቅ ነው፤ ለእነዚህ ሥራዎች ጥንካሬ ያስፈልገዋል። ችግሩ ጠንካራና ስስ የሆነ ነገር ሲመታ መሄጃ የለውም። ጉልበቱን ውጦ ማለፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እስከ ብረቱ ከወረደ ቅርፊቱ ይነሣል። የቀለም አምራቾች ይህን የሚለኩበት የታወቀ ፈተና አለ። ደረጃው ኤስ ኤ ኢ ጄ 400 ይባላል፤ በታመቀ አየር የጠጠር ውርጅብኝ በተቀባ ላሜራ ላይ ይለቀቅና የተነሡት ቅርፊቶች ይቆጠራሉ፣ መጠናቸውም ይለካል። ላሜራው አንዳንዴ ሆን ተብሎ ቀዝቅዞ ይፈተናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቀለም በቀዘቀዘ ቁጥር ይጠነክራል፣ በጠነከረ ቁጥርም በቀላሉ ይፈነከታል። ክርክራችን እዚህ ላይ በግማሽ አለቀ ማለት ይቻላል።

የቀረውን ግማሽ የሚነግሩን የመኪና ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የብዙ መኪና ወለል ሥርና የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ፣ ማለትም ጎማ በቀጥታ ጠጠር የሚረጭበት ቦታ፣ ሲዳሰስ ጎማ ጎማ የሚል ወፍራም ሽፋን አለው። ጠንካራ ነገር ቢበጅ ኖሮ እዚያ ጠንካራ ነገር ይቀቡ ነበር። ከመኪና ውጭም ምስክር አይጠፋም። በቬትናም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ከአሸዋማ መሬት ሲነሡና ሲያርፉ የክንፎቻቸው ፊተኛ ጠርዝ እየተበላ ያስቸግር ነበር። ብረቱን ይበልጥ ከማጠንከር ይልቅ የተገኘው መላ ሙጫ ያለው የዩሪቴን ላስቲክ መለጠፍ ሆነ፤ ሥራውን የሠራው ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ ነው። ዛሬም የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ክንፍ ጠርዝ ከዝናብ ጠብታ ምት የሚጠበቀው በዚሁ ዓይነት ለስላሳ ሽፋን ነው። ያ የሄሊኮፕተር ፕላስተር ቆይቶ ወደ ውድድር መኪናዎች፣ ከዚያም ወደ ተራው ባለመኪና ተሻገረ፤ ዛሬ የቀለም መከላከያ ፊልም የሚባለው እርሱ ነው። ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ከራሱ ከቀለሙ የሚወፍር መሆኑ ልብ ይባል። ጠጠር ሲያርፍበት ይሰረጉዳል፣ ጉልበቱን በሰፊው ይበትናል፣ ተመልሶም ይነሣል። አዳዲሶቹ ጸሐይ ወይም ሙቅ ውሃ ሲያገኛቸው ጥቃቅን ጭረትን መልሰው የሚደፍኑ ናቸው፤ እስከ ታች የተቆረጠውን ግን አይሰፉም።

እዚህ ላይ የሴራሚክ ቅብ ሻጮች መከራከራቸው አይቀርም። ምርታቸው 9ኤች ጥንካሬ አለው ይላሉ፣ ሲባል የአልማዝ ያህል ይሰማል። የዚህ ቁጥር ምንጭ ግን የእርሳስ ሚዛን ነው። ተማሪ የሚጽፍበት ኤችቢ እርሳስ ከሚመደብበት ሚዛን ላይ 9ኤች ጠንካራው ጫፍ ነው፤ ፈተናውም እርሳስ ቅቡን ይጭረው እንደሆነ ያሳያል እንጂ ጠጠር ቢመታው ምን እንደሚሆን አይነግረንም። ሴራሚክ ቅብ ክብር የሚነሣው ነገር አይደለም፤ ውሃን ያንከባልላል፣ የወፍ ኩስና የነፍሳት ፍጭት ቀለሙን እንዳይበላው ያዘገያል፣ እጥበትን ያቀላል። ይሁን እንጂ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ነው። ጠንካራና ስስ በሆነ ቫርኒሽ ላይ ይበልጥ ጠንካራና ይበልጥ ስስ የሆነ ነገር ደርቦ ከጠጠር ተጠብቄአለሁ ማለት እንቁላልን በሌላ ቅርፊት ሸፍኖ ከመውደቅ እንደማዳን ነው።

ልስላሴ ብቻውን ይበቃል ወይ ለሚል ሰው መልሱ አይበቃም ነው፤ ለዚህም ታሪክ ማስረጃ ትቶልናል። በ1980ዎቹ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የስፖርት መኪና ባለቤቶች ከቪኒል የተሰፋ ጥቁር ጭምብል ለመኪናቸው አፍንጫ ያለብሱ ነበር። ጭምብሉ ለስላሳ ነው፣ ጠጠርንም ያበርድ ነበር። ነገር ግን ከቀለሙ ጋር አልተጣበቀም። በነፋስ እየተርገበገበ፣ ከሥሩ የገባውን አቧራና እርጥበት ይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ሲፍቅ ከረመ። ብዙዎች ጭምብሉን ሲያወልቁ ያገኙት የደበዘዘ ቀለም ነበር። ስለዚህ ቃሉን ላስተካክል፦ የሚያድነው ለስላሳ፣ ወፍራም፣ ደግሞም አየር ሳይገባበት የተጣበቀ ነገር ነው። ማናቸውም ሽፋን ከመለጠፉ በፊት ቀለሙ ታጥቦ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ እንዳይቀርበት የሚለፋው ለዚህ ነው።

በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ትራክ ለሚወጣ ሰው ይህን ሁሉ የሚያሟላ ርካሽ ነገር አለ፤ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ነው። ይህ ዕቃ ከመኪና ቀለም ጋር ዝምድናው የቆየ ነው። በ1925 በሚኒሶታ፣ ሪቻርድ ድሩ የተባለ የስሪ ኤም ሠራተኛ የፈጠረው መኪና በሁለት ቀለም ለሚቀቡ ባለሙያዎች ነበር፤ የሚለጥፉት ነገር ሲነሣ አዲሱን ቀለም አብሮ እየላጠ ስላስመረራቸው በቀስታ የሚለቅ ሙጫና የሚለጠጥ የተጨማደደ ወረቀት አመጣላቸው። ሰማያዊው ዓይነት ደግሞ ቀናት ቆይቶም ያለ ቅሪት እንዲነሣ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ለትራክ ይመረጣል። አለጣጠፉ ላይ የጎጆ ክዳን የሚያውቅ ሰው ብልጫ አለው። ሣር ሲከደን ውሃው ከሚያልቅበት ከግርጌ ተጀምሮ ወደ ላይ ይደረባል፤ ኮፈን ላይም ነፋሱ ከሚወጣበት ከኋላ ተጀምሮ ወደ ፊት ይለጠፋል፣ የፊተኛው ጥብጣብ ጠርዝ በኋለኛው ላይ እንዲያርፍ። በተቃራኒው ከተለጠፈ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ገና በመጀመሪያው ቀጥታ መንገድ ላይ ይገፍፈዋል። የራዲያተርና የፍሬን ማቀዝቀዣ ቀዳዳዎች ግን በምንም ዓይነት አይሸፈኑም፤ ከአርማው ወይም ከፓራውልቱ ጀርባ ራዳር ያለበት መኪና ከሆነም ያ ቦታ ይተዋል። መልኩ ያስቃል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሁለት ሽፋን ቢደረግ ውፍረቱ ወደ ፊልሙ ይጠጋል፤ የሚያጣው የፊልሙን መለጠጥና ዕድሜ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የወጪው ነው። ፊልም በባለሙያ ማስለጠፍ ውድ ነው፤ ለምን በየጥቂት ዓመቱ ፊቱን ጋራዥ ወስዶ አይቀባም? ስለ ፓራውልት ከሆነ ተከራካሪው እውነት አለው። የዘመኑ ፓራውልት ፕላስቲክ ነው፣ አይዝግም፣ ተነቅሎ ለብቻው ይቀባል፤ ለእርሱ ሲባል ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ከጌጥ አያልፍም። ኮፈን፣ የጣሪያው ፊተኛ ጠርዝና መስታወቱን ግራና ቀኝ የያዙት ምሰሶዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ብረት ከሆኑ እያንዳንዷ የተከፈተች ነጥብ የዝገት በር ናት። ፋብሪካ ቀለሙን የሚያበስለው ወንበርና ሽቦ ሳይገባ፣ ባዶውን አካል በ140 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ባለ ምድጃ ውስጥ ነው፤ የተገጣጠመ መኪና እንዲህ ያለ ሙቀት ስለማይችል ጋራዥ በ60 ዲግሪ አካባቢ በሚደርቅ ሌላ ዓይነት ቀለም ይሠራል። ጥሩ ባለሙያ ልዩነቱን ይደብቀዋል፣ ውፍረት መለኪያ የያዘ ገዢ ግን ያገኘዋል። የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከሄደ አይመለስም፤ ፊልም ግን ተልጦ በሌላ ይተካል። እዚህ ላይ ፊልም ሻጮች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩት ነገር ይጨመር፦ ቀድሞ ጋራዥ ውስጥ በደንብ ሳይሠራ በተቀባ ቦታ ላይ የተለጠፈ ፊልም ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ሊነሣ ይችላል። አዲስ የተቀባ መኪናም ቀለሙ እስኪበስል ሳምንታት ሳይቆይ ፊልም አይለጠፍበትም።

የትራክ መኪና ጠባሳው ማዕረጉ ነው የሚሉም አሉ። ለውድድር ብቻ ለተሠራ መኪና ይህ ደህና አቋም ነው፣ ክርክርም አያስፈልገውም። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ለሚነዳና ነገ ለሚሸጥ መኪና ግን ማዕረጉን የሚከፍልበት ገዢ አይገኝም።

ፍርዱ እንግዲህ እንደ ቀኑ ብዛት ነው። በዓመት አንድ ሁለት ቀን ለሚነዳ አንድ ሁለት ጥቅል የወረቀት ፕላስተር ይበቃዋል። በየወሩ ለሚወጣ ፊልም ያዋጣል፤ መላውን መኪና መሸፈን ሳይሆን የኮፈኑን ፊተኛ ክፍል፣ የስፖኪዮዎቹን ፊት፣ ምሰሶዎቹን፣ የጣሪያውን ጠርዝና ከየጎማው ኋላ ያለውን ላሜራ፤ ይህ የመጨረሻው በብዙ ሰው ይረሳል፣ የገዛ ጎማ የሚደበድበው ግን እርሱን ነው። ፊልምም ቢሆን ትልቅ ድንጋይ አያቆምም፣ ለቀለም የተሠራው የፊት መስታወቱንም አያድንም። ለእነዚህ ያለው መላ ርቀት ነው፦ አንድ ሜትር የዘለለች ጠጠር ተመልሳ መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ይበቃታል፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ደግሞ አንድ ሰከንድ 55 ሜትር ነው። ከፊተኛው መኪና በዚያ ያህል የራቀ ሰው ከማንኛውም ሱቅ የማይገዛ መከላከያ አግኝቷል። ፕላስተር የለጠፈ ደግሞ ወደ ቤት ከመነዳቱ በፊት፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ያንሣው፤ ጸሐይ ላይ የከረመ ሙጫ ከጠጠር ይብሳል።