የሥርዓተ ክወና ፋይል ብልሽት ስለምን ይመላለሳል?

በውቤ በረሃ መኖሪያ ቤቶች መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ በመጻፍ ላይ ያለ መረጃ ከማኅደረ ትውስታ ወደ ዲስክ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የተሰኘው የፋይል ሥርዓት የለውጥ መዝገብ ስላለው የራሱን መዋቅር ይጠብቃል፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ይዘት ግን ዋስትና አይሰጥም።

በጥገና ወቅት አስቀድሞ የመመረቂያ ጽሑፍንና የግል ሰነዶችን በሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ቀጥሎ «ዲዝም» የተባለው ትእዛዝ የመጠባበቂያ ፋይሎችን ክምችት ያድሳል፤ «ኤስኤፍሲ» ደግሞ የተበላሸውን ፋይል ከዚያ ክምችት በተወሰደ ቅጂ ይተካል። ክምችቱ ራሱ ከተበላሸ ኤስኤፍሲ ብቻውን ጤናማ ቅጂ አያገኝም።

ስሕተቱ ከዚህም በኋላ ከተመለሰ ምክንያቱ የዲስክ፣ የሜሞሪ ወይም የኃይል መቆራረጥ ሊሆን ስለሚችል፣ እነዚህን ሳይመረምሩ ጥገናውን መደጋገም ከንቱ ድካም ነው። ዩፒኤስ መጠቀም ቢያንስ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል።